የፀሐይ ጎረቤት

የወሎ ልጅ ነኝ፤ ማንኩሳ ላይ ፊዚክስ አስተምራለሁ። እዚህ ዘመድ የለኝም፤ በሬን የሚያንኳኩት አከራዬ እማማ ጥሩወርቅ ብቻ ናቸው። እሳቸውም ያን ሰሞን ምን እንደነካቸው እንጃ፣ ማታ ማታ እራት ይዘውልኝ መምጣት ጀመሩ። ቅዳሜ ቡሬ ገበያ ወርጄ ለአባቴ የገዛሁትን ጋቢ ሳሳያቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና፣ «መልካም ፈትል ነው» ብለው ቶሎ ወጡ።

እሑድ ገና እንደመሸ ደጅ ተቀምጠን፣ በደቡብ በኩል ዝቅ ብላ የምታበራ ኮከብ አሳየኋቸው። «ከፀሐይ ቀጥሎ የምትቀርበን ጎረቤት ይቺ ናት። ብርሃኗ እኛ ዘንድ ለመድረስ ግን ከአራት ዓመት በላይ ይፈጅበታል» አልኋቸው።

«ጎረቤት ሆና?»

«አዎ፣ እማማ። ዛሬ ብትጠፋ እንኳ አናውቅም፤ እንዳለች እያየናት እንኖራለን።»

ያመጡልኝን እራት ወደ እኔ አስጠጉና፣ «እስቲ ልጄ፣ እንጀራው ሳይደርቅ ብላ» አሉኝ። ድምፃቸው ሰለለብኝ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት እማማ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል፤ ከኋላቸው የትምህርት ቤቱ መምህራንና የሰፈሩ ሽማግሌዎች አሉ። እናንተዬ፣ መርዶ በማለዳ እንደሚነገር ማን ያጣዋል? ማንም ሳይናገር ገባኝ።

«አባቴ?» አልኋቸው። ሁሉም አንገታቸውን ደፉ።

አልቅሼ አልቅሼ ሲደክመኝ፣ «መቼ ነው የሰማችሁት?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ሐሙስ» አሉ እማማ፣ ያን ጋቢ ትከሻዬ ላይ ጣል እያደረጉልኝ።