አባቴ አላመነም፣ ተናገረ እንጂ

ክብርት ዋና አዘጋጃችን ናዲን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ደረጃውን እየረገማችሁ እስከዚህ ፎቅ የወጣችሁ ጡረተኞች ሁሉ፣ እንደምን አመሻችሁ? በዚህ ብርድ ከቤት ወጥታችሁ በጡረታ መሰናበቻዬ ስላከበራችሁኝ አመሰግናለሁ። ሳንድዊቹንና ቢራውን ላሰናዳችሁም እጃችሁ ይባረክ። ካለም፣ አንተን ግን ለብቻ ነው የማመሰግነው። ኬኩ ላይ «ወይዘሮ አለ» ብለህ ያጻፍከው አንተ መሆንህን ሰምቻለሁ። ከኋላዬ ስትሉኝ የኖራችሁትን ዛሬ በስኳር ጽፋችሁ ፊቴ አስቀመጣችሁት፤ ደግ አደረጋችሁ።

ደግሞ እውነታችሁን ነው። «አሳሰበ»፣ «ጠቆመ»፣ «አበክሮ ገለጸ» እያላችሁ ስታመጡልኝ ሁሉንም ሰርዤ «አለ» አደርገው ነበር። አንድ ቀን ካለም መጥቶ፣ ቤቨርሊ፣ ሰውዬው እኮ እያለቀሰ ነው የተናገረው አለኝ። ታዲያ «እያለቀሰ እንዲህ አለ» በላ፣ አልኩት። ወጥቶ ለናንተ ሲነግራችሁ የሳቃችሁት ሳቅ እስከ ጠረጴዛዬ ድረስ ተሰምቶኛል።

የኛ የጋዜጣ እንግሊዝኛ ራሱ መቼ ሳያስቅ ቀርቶ! የሰው ንግግር እኛ እጅ ሲገባ ወደ ኋላ፣ ወደ ኃላፊ ጊዜ ይጎተታል። «ከተማዬን እወዳለሁ» ያለ ሰው፣ ሐሙስ ጋዜጣው ሲወጣ «ከተማውን ይወድ እንደነበር ተናገረ» ይባልለታል። የቀድሞው ከንቲባችን ሚስት ደውላ ምን እንዳለችን ታስታውሳላችሁ? ባሌ በሥራው ደስተኛ እንደነበር ጽፋችኋል፤ ደስታው መቼ ነው የቀረው? ለእኔ እኮ አልነገረኝም፣ አለች። እሷን ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀብን።

አሁን ግን ስለ «አለ» ቁም ነገሩን ልንገራችሁ። በባሌ ስም ስለምትጠሩኝ ብዙዎቻችሁ አታውቁም። እኔ የመርከብ አናጢው የኤሞስ ትሬንቾልም ልጅ ነኝ። ሸምገል ያላችሁት እርስ በርስ ስትተያዩ ይታየኛል፤ ስሙን ታስታውሱታላችሁ ማለት ነው።

ያኔ ተማሪ ነበርኩ። ከወደባችን የወጣች አንዲት ዓሣ አጥማጅ መርከብ በማዕበል ሰጥማ የተሳፈሩባት ሁሉ አለቁ። ከመውጣቷ በፊት የዓሣ ማከማቻዋን ክዳን የጠገነው አባቴ ነበር። አሟሟታቸው በችሎት ሲጣራ ለምስክርነት ተጠራ። ክዳኑን በመጨረሻ የነካው ማነው ተብሎ ሲጠየቅ ተነሥቶ፣ «እኔ ነኝ። ጥብቅ አድርጌ ነው የሠራሁት» አለ። ይኸው ነው። የወነጀለው አልነበረም፤ ችሎቱም መርከቧን ያሰጠማት ማዕበሉ ነው ብሎ ጉዳዩን ዘጋው።

ሐሙስ ዕለት ጋዜጣችን ወጣ። «ክዳኑን በመጨረሻ የነካው እሱ መሆኑን አናጢው አመነ» ይላል። ምን አድርጎ ነው የሚያምነው? ሌባ ያምናል፣ ነፍሰ ገዳይ ያምናል። ሥራዬን ሠርቻለሁ ያለ ሰው ምኑን ነው የሚያምነው? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የጋዜጣውማ የባሰ ነው፤ በየቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይከርማል።

አባቴን ማንም አልሰደበውም። ቢሰድቡትማ መልስ አያጣም ነበር። ከፊት ለፊታችን የምትኖረው ሚስዝ ኦክስቶቢ፣ ባሏ በዚያች መርከብ የሞተባት፣ አባቴ ሲመጣ ስታይ መንገዱን ተሻግራ ትሄዳለች። ወደቡ ላይ ሥራ ሲመጣ ሌላ አናጢ ይጠራል። ዓርብ ዓርብ ዓሣና ድንች ጥብስ የሚገዛልን እሱ ነበር፤ ያንንም ተወውና እኔን ይልከኝ ጀመር። መርከብ ሲሠራ የኖረ እጅ የሰው አጥርና የዶሮ ቤት ሲጠግን አረጀ።

አንድ ቀን እኔን አስከትሎ ቢሯችን መጣ። የዚያን ጊዜው ዋና አዘጋጅ ጋዜጣውን ዘርግተው፣ ስምህ ልክ ነው፣ ቀኑ ልክ ነው፣ ያልከውም ይኸው ነው፤ ስሕተቱ የቱ ጋ ነው? አሉት። አባቴ ብዙ መናገር አይሆንለትም። «ያልኩትስ ብያለሁ፤ እንዲህ አድርጌ ግን አላልኩም» አለና ቆቡን አነሣ፤ ወጣን።

አድጌ እዚህ ቤት የተቀጠርኩት ያንን ቃል ማን እንደጻፈው ለማወቅ ነው። አይግረማችሁ፣ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ለካ ዘጋቢው የላከው «አለ» ብሎ ነው። የቀየሩት የአርትኦት ክፍሉ ኃላፊ፣ ይህን ሙያ ያስተማሩኝ ሚስተር ፕራትሊ ናቸው። መስኮቱ ጋ ተቀምጠዋል። እባካችሁ አትዙሩባቸው፤ እንድናገር ፈቅደውልኛል።

ድፍረቱን ያገኘሁ ቀን ለምን እንደቀየሩት ጠየቅኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ከላዩ ሁለት ጊዜ ‘አለ’ የሚል ነበር፤ መደጋገሙ አላምር ብሎኝ ነው» አሉኝ።

ለማሳመር! ያኔ በዚህ ቤት አንድን ቃል ደጋግሞ መጻፍ እንደ ነውር ይታይ ነበር። ለአንዱ «አለ»፣ ለሌላው «ገለጸ»፣ ለሦስተኛው «አመነ» እየተባለ እንደ ከረሜላ ይታደል ነበር፤ የአባቴ ዕጣ «አመነ» ሆነች። ክፋት ቢሆን ጠልቻቸው ይወጣልኝ ነበር። ክፋት አይደለማ፣ ምን ላድርገው? ሻይ ሳመጣላቸው፣ ሲያስተምሩኝ ስሰማ፣ ሆዴ እንደሻከረ አብሬያቸው ሠራሁ።

ወንበራቸውን ስረከብ እርማት ላወጣ አስቤ ነበር። ነገር ግን ስለ ዘመዱ ማንም አይጻፍ የሚለው ደንብ አለ። አባቴም ተዪው ልጄ፣ አሁን ቢጻፍ ያልሰማውም ይሰማል አለኝ፤ ተውኩት። ለሌላው ሰው ሁሉ ግን «አለ» ብዬ ድርቅ ያልኩት በዚህ የተነሣ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ሚስተር ፕራትሊ ምርኩዛቸውን ይዘው ቤቴ መጡ። ግቡ ብላቸው እምቢ ብለው በር ላይ እንደቆሙ፣ «አባትሽ ዘንድ ውሰጂኝ። በጋዜጣ ባይሆን በአፌ ልንገረው» አሉኝ። አሁን ደረቱን እያመመው ነው፣ የገና በዓል ይለፍ አልኳቸው።

ያን ዕለት ማታ አባቴ ወደሚኖርበት የአረጋውያን ማረፊያ ሄጄ ነገርኩት። ወደ ባሕሩ እያየ፣ «ይምጣ። እሱም እኮ ይህን ሁሉ ዘመን ከብዶት ነው የኖረው» አለኝ።

ገና አለፈ። ዝናብ ነው አልኩ፣ መንገዱ በረዶ ነው አልኩ፣ በዚህ ሳምንት ሥራ ይበዛል አልኩ። እውነቱን ልናገር? ሁለቱ ተቀምጠው ሲታረቁ ማየት ፈራሁ። የእኔ ቂም የት ይገባል? የካቲት ላይ አባቴ ሞተ። ዕቃውን ስሰበስብ ነርሷ፣ እሑድ እሑድ ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ቀይሮ፣ እንግዳ ይመጣል እያለ በሩን ሲያይ ይውል ነበር አለችኝ።

ሚስተር ፕራትሊ፣ ይህን ዛሬ ነው የሚሰሙት። ይምጣ ብሎ ነበር። ሰው ያለውን እንዳለው አድርሱ እያልኩ የማላሳርፋችሁ እኔ፣ የገዛ አባቴን አንዲት ቃል ሳላደርስ ቀረሁ። ለአባቴ ማልቀሱንስ አለቀስኩ። ይህ ግን ይቆጨኛል፣ በጣም ይቆጨኛል።

እንግዲህ ልሂድ። ናዲን፣ ቤቱን ያቁምልሽ፤ አንባቢ አይንጠፍብሽ። ካለም፣ ብዕርህ ይባረክ፤ የሚያምንህ ሰው ይብዛ። ሁላችሁም ጤናና ሰላም አይለያችሁ፤ ልጆቻችሁ ይደጉ፤ ስማችሁን የሚያነሣ በደግ ያንሣው። ይቅርታ ልትጠይቁት ያሰባችሁት ሰው ያላችሁ ደግሞ፣ ለእሱ ዕድሜ ይስጥልን፤ ለእናንተ ነገ ጠዋት የሚነሣ እግር ይስጣችሁ።