ከግንቡ ፊት ለፊት ያለው መስኮት

ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ፣ አስራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ። ከኋላዬ አንዲት ወጣትና አንዲት ጠና ያሉ ሴት በአማርኛ ያወራሉ። ወጣቷ ከባሏ ጋር ለቬኬሽን ሊባኖስ ልትሄድ ነው።

“እትዬ፣ እርስዎ ጅቤል ኖረዋል አይደል? በግንብ የታጠረችው፣ ከባሕሩ ዳርቻ ያለችው ከተማ። ምን ምን እንይ?”

“ወደቡን እዩ። ጠዋት የዓሣ ጀልባዎቹ ሲመለሱ ደስ ይላል። አሮጌው ገበያም አለ።”

“ገበያው ውስጥ ምን ይሸጣል?”

“እሱን እንኳ ገብቼ አላውቅም።”

“ግንቡ ላይስ ይወጣል?”

“ቱሪስቶች ሲወጡ አይ ነበር።”

“እርስዎ አልወጡም? ያን ያህል ዓመት ኖረው?”

“ሰው ቤት ነበር የምሠራው። እመቤቲቱ ስትወጣ በሩን ትቆልፍብኛለች። ያየሁትን ሁሉ ያየሁት በወጥ ቤቱ መስኮት ነው።”



“ይቅርታ እትዬ፣ አላወቅኩም። ቲኬቱን ካንስል እናደርገዋለን።”

“ለምን ሲባል? ከተማዋ ምን አደረገችኝ? ሂዱ እንጂ። አንድ ቀን ግንቡ ላይ የቆመች ፈረንጅ አየችኝና እጇን አውለበለበችልኝ። ለካ እታያለሁ ብዬ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።”

“ውይ፣ እትዬ!”

“አንቺም ፎቶሽን ከተነሳሽ በኋላ ወደ ቤቶቹ ዞር በይ። መስኮት ላይ የቆመች ልጅ ካየሽ እጅሽን አውለብልቢላት።”

“እሺ፣ አደርገዋለሁ።”

ቻምበርስ ሮድ ስንደርስ፣ ዞሬ ፊታቸውን ሳላይ በፊተኛው በር ወረድኩ።