የአንሶላው ምስክርነት

ከአዋሽ ወደ ሰመራ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ጥቁር ፌስታል የታቀፈ ሰው ሳይ ጫት ነው ብዬ ማለፍ ልማዴ ነው። በዚያ መንገድ ሌላ ምን ይታቀፋል? ባለፈው ጥቅምት እህቴን ጠይቄ ወደ ሥራዬ ስመለስም፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ፌስታላቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ሳይ በሆዴ ሳቅሁ። ሳቄን ያቋረጠችው በመስኮቱ በኩል የተቀመጠችው ልጃቸው ናት። ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። የሙሽርነት ሂናዋ ከእጇ ገና አልለቀቀም፤ በዚያ ሁሉ ሙቀት ግን ትንቀጠቀጥ ነበር።

ገዋኔ ስንደርስ ጎማ ፈነዳና ወርደን ከአንድ ሻይ ቤት ዳስ ሥር ተጠለልን። ሾፌሩ ስለሚያውቀኝ፣ "ሲስተር ዕፀገነት፣ ግማሽ ሰዓት ታገሡን" አለኝ። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ዞር አሉ፤ ጥቂት አመንትተውም ተጠጉኝ።

"ይቅርታዎን፣ ሐኪም ነዎት?"

"አዋላጅ ነርስ ነኝ። ሰመራ ነው የምሠራው።"

"እኔ ጀማሉዲን እባላለሁ። አዋሽ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለኝ።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሲስተር፣ አንሶላ ላይ ያለ ደም ላብራቶሪ ገብቶ ይመረመራል?"

ፌስታሉ የያዘው የልጃቸውን የሠርግ አንሶላ ነበር። ነገሩን አጫወቱኝ። ልጃቸው ሀምዳ ከአምስት ቀን በፊት ሰመራ ላይ ታጁ ለሚባል የጉምሩክ ሠራተኛ ተድራለች። ሲነጋ ታጁን ያሳደገችው አክስቱ ኸሊዳ አንሶላውን ስትገልጥ ያገኘችው ከጥፍር የማይበልጥ የደም ምልክት ነው። ሙሽራዋን በማግስቱ ወደ አዋሽ ሰደደቻት፤ "ድንግል ነበረች የሚል የሐኪም ወረቀት ካልመጣ ኒካሁ ይፈርሳል" አለች። ሽማግሌዎች የሚቀመጡት በዚያው በምንጓዝበት ቀን፣ ከቀትር በኋላ ከሚሰገደው የአስር ሰላት ቀጥሎ ነው። አባትየው ደግሞ በበኩላቸው፣ ወረቀቱ ካልተገኘ ልጃቸው ቤታቸውን እንዳትረግጥ ምለዋል።

"ጋሽ ጀማሉዲን፣ እንዲህ ያለ ወረቀት የሚጽፍ ሐኪም ቢያገኙ ዋሽቶ ነው" አልኳቸው። "ላብራቶሪ የደም ዓይነት ይለያል እንጂ የሴት ልጅን ታሪክ አያነብም።"

"አንሶላው ካልሆነ እሷ ትታይ። ሰውነት አይደበቅም ይባላል።"

"ይባላል እንጂ አይደለም። ሃያ ዓመት ሳዋልድ ኖሬ እኔ ራሴ አይቼ መለየት አልችልም፤ የሚችል ሐኪምም የለም። ሰዎች እንደ ማኅተም የሚያስቡት ነገር በር የሚዘጋ ቆዳ አይደለም፣ በመግቢያው ዙሪያ ያለ ስስና ተለጣጭ ሥጋ ነው። አፈጣጠሩም እንደ ከንፈር ከሴት ሴት ይለያያል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ጠብታ ደም የማያዩ ብዙ ሴቶች አሉ። የሚደሙትም ብዙ ጊዜ በፍርሃት ሰውነታቸው ሳይላላ፣ ባል ሲቸኩል ተጭረው ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህ ምርመራ የሳይንስ መሠረት የለውም ብሏል።"

"እናቶቻችን ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ተሳስተው ነው?"

"እናቶቻችን የዶሮ ደም ከየት እንደሚገኝ አሳምረው ያውቁ ነበር" አልኩ። ምላሴ ቀደመኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ፌስታሉን ይበልጥ ወደ ደረታቸው አስጠጉት።

"ልጄን ጠርጥሬ አይደለም ሲስተር፣ ፈርቼ ነው። ሁለት ታናናሽ እህቶች አሏት። እሷ ተመልሳ እቤት ከተቀመጠች እነሱን ለትዳር ማን ይጠይቃል? የአዋሽ ሰው ከሱቄ ደጃፍ ቆሞ ሲያወራብኝ ይታየኛል።"

"ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባላል። እኔ የምፈራውን ደግሞ ልንገርዎ። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ሙሽራ ደም ይታይልኝ ብላ በምስጢር ራሷን ጎዳች። ለማንም ሳትናገር ሦስት ቀን ቆይታ፣ ትኩሳት ሲጥላት አመጡልን። የተረፈችው በጭንቅ ነው።"

ሀምዳ አጠገባችን ቆማ ሁሉን ትሰማ ነበር። "አባ" አለች መሬት መሬት እያየች፣ "እኔም ትናንት እንደሷ አስቤ ነበር።"

እጇን ያዝኩ፤ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ነበር። አባትየው አጠገባችን ከነበረች በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

"በእኔም ሠርግ አንሶላው ነጭ ነበር" አሉ። "ሚዜዎቼ ደጅ ቆመው እየጨፈሩ ይጠብቃሉ። ሚስቴ ሙጂባ እንቅልፍ ወስዷታል። ጣቴን በምላጭ ቆርጬ ቀባሁት። ጨርቁ በእልልታ ዞረ፣ የእኔም ስም ተነሣ። በሆዴ ግን ከእኔ በፊት ሰው አውቃለች እያልኩ ሃያ ስድስት ዓመት ኖርኩ። ገበያ ስትቆይ ከማን ጋር ነው እላለሁ። ስትስቅ ለማን ነው እላለሁ።"

"እናቴን?" አለች ሀምዳ።

"እናትሽን።"

ተናደድኩም፣ አዘንኩላቸውም። ሃያ ስድስት ዓመት አንዲትን ንጹሕ ሴት በልብ መክሰስ ምን ዓይነት ኑሮ ነው? "ጋሽ ጀማሉዲን፣" አልኳቸው፣ "ሙጂባ አላጠፋችም። ሀምዳም አላጠፋችም። ያጠፋው ከጨርቅ ምስክርነት የጠየቀው ሰው ነው።"

"ገባኝ፣ ወላሂ ገባኝ። ግን ሽማግሌ ፊት ባዶ እጄን እንዴት ልቅረብ?"

"ለእኔ የነገሩኝን ይዘው ይቅረቡ። ስለ ሰውነት የሚጠየቅ ካለ እኔ እመልሳለሁ።"

ከሎጊያ እስከ ሰመራ ያለችው መንገድ እንደዚያ ቀን ረዝማብኝ አታውቅም። እሳቸው የሙስበሃቸውን ዶቃ ይቆጥራሉ፣ ሀምዳ ዓይኗን ጨፍናለች፣ እኔም ባያምኑንስ እያልኩ እፈራ ነበር።

ኸሊዳ ግቢ ስንገባ ሦስት ሽማግሌዎች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ታጁ አንገቱን ደፍቶ ጥግ ቆሟል።

"ወረቀቱስ?" አለች ኸሊዳ ሰላምታውን ሳትጨርስ።

"ወረቀት የለም፤ ሊኖርም አይችልም" አሉ ጋሽ ጀማሉዲን። የሠርጋቸውን ነገር ከነምላጩ ተናገሩ። እኔም ስለ ሰውነት አፈጣጠር ገዋኔ ላይ ያልኩትን ደገምኩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሌላው ምንጣፉን ማየት ጀመረ። ልጅ ሲድሩ ምን እንዳደረጉ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

በዕድሜ የሚበልጡት ሸህ ጣሃ፣ "ንጹሕ ሴትን ያለ አራት ምስክር የወነጀለ አላህ ይጠይቀዋል" አሉ። "አንሶላ ደግሞ ምስክር አይደለም። ታጁ፣ አንተ ምን ትላለህ?"

"እኔ ሀምዳን ጠርጥሬ አላውቅም" አለ ታጁ። "አክስቴን ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት።"

"አንተ ዝም ያልከው አምስት ቀን ነው፣ አባቴ ዝም ያለው ሃያ ስድስት ዓመት ነው" አለች ሀምዳ። "ከእንግዲህ በልብህ የገባውን መጀመሪያ ለእኔ ትነግረኛለህ። ያለዚያ ከአባቴ ጋር እመለሳለሁ።"

"ብትመለሺ ደጄ ክፍት ነው" አሉ አባቷ። "መሐላዬን ስላፈረስኩ የሚገባኝን ከፋራ እከፍላለሁ።"

ታጁ እሺ ብሎ ቃል ገባላት። ኸሊዳ ተነሥታ ለሀምዳ ውሃ አመጣችላት። ሽማግሌዎቹም ከዚያ በኋላ በሚሸመግሉት ሠርግ ሁሉ ጨርቅ እንዳይጠየቅ ተስማሙ። ጨርቅ የማይገለጥበት ቤት ሙሽራ ራሷን አትጎዳም፣ ባልም ፍርሃቱን ትቶ ለሚስቱ አካል ይጠነቀቃል፣ አባትም ሐሜት ፈርቶ ልጁን አይገፋም። ይህን የምጽፈው የሰማ ሁሉ ሳይረፍድበት እንዲያስብበት ነው።

ልንወጣ ስንል ጋሽ ጀማሉዲን ስልካቸውን አወጡ። ጆሯቸው ስለሚከብድ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

"ሙጂባ፣ በሠርጋችን አንሶላው ላይ የነበረው ደም የእኔ ነው። ስጠረጥርሽ ኖሬያለሁ። አውፍ በይኝ።"

"አንሶላውን ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ የተቆረጠ ጣትህንም አይቻለሁ" አለች ሙጂባ። "አንድ ቀን ትጠይቀኛለህ ብዬ ስጠብቅ ሦስት ልጅ ወልጄ አሳደግኩ። አሁን ልጄን አቅርብልኝ።"

ስልኩን ለሀምዳ ሰጧትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።