የወይዘሮ አስካለ ሰሌዳ

አሰላ ከተማ የንግድ ቤት ሰሌዳ መጻፍ በጀመርኩ ሰሞን፣ ወይዘሮ አስካለ «ምግብ ቤት» ብለህ ጻፍልኝ አሉኝ። በቀጫጭን ፊደል አሳምሬ ወሰድኩላቸው። ገና ሲያዩት ፊታቸው ተቀየረ።

«ምነው ልጄ፣ እነዚህ እኮ የራባቸው ይመስላሉ! ይህን አይቶ ማን ይገባል? አወፍራቸው!»

እልህ ይዞኝ፣ እንደ ድፎ ዳቦ ክብና ወፍራም አድርጌ እንደገና ጻፍኩ። ፊደላቱ ግን ሰሌዳውን ሞሉትና ለ«ት» ቦታ ጠፋ። ሴትዮዋ ማንበብ ስለማይችሉ ዝም ብዬ ሰቀልኩት። በጣም ወደዱት።

ወዲያው ከአዲስ አበባ ተመድበው የመጡ አንድ መምህር ሲያልፉ ቆም አሉና፣ «እሜቴ፣ ‹ት› የት ሄደች?» አሉ። ወይዘሮ አስካለ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሰሌዳውን አዩ።

«ውስጥ ገብታ እየበላች ነው፤ እርስዎም ይግቡ!»

መምህሩ እየሳቁ ገቡ። ይሄኔ ወይዘሮ አስካለ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተ ደግሞ፣ በልታ ሳትጨርስ ቦታ ፈልግላት!» አሉኝ።