በሁለቱም ድስት የገባው ጭልፋ

ክቡር ሊቀመንበር፣ ክቡራትና ክቡራን የኳስ ቡድናችን ሰዎች፣

ይህን የመሸኛ ራት ስላሰናዳችሁልኝ፣ የፌርፋክሱን ምግብ ቤትም ለእኛ ብቻ ስላስከፈታችሁ አመሰግናለሁ። ክለቡ ከተቋቋመ ጀምሮ ወጥ ሳልሠራ ተቀምጬ ስበላ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ጨው ይጎድለዋል፤ ቢሆንም አመሰግናለሁ።

ጸሐፊያችን ሮማን፣ "እትዬ መድና፣ ንግግሩን እኔ ልጻፍልሽ" ብላኝ ነበር። እምቢ አልኳት። ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ለዛሬ ካልሆነኝ ለመቼ ሊሆነኝ ነው?

የክለቡን ታሪክ ተናገሪ ተብያለሁ። ሊቀመንበራችን ብርሃኑ ባለፈው ሰሞን፣ "ራእይ ያላቸው ወጣቶች መሠረቱት" ሲል ሰምቻለሁ። የምን ራእይ? ሳምንቱን በየፓርኪንጉ የሰው መኪና ስታቆሙ ሰንብታችሁ እሁድ የሚያናግራችሁ ያጣችሁ ልጆች ነበራችሁ። አምበላችን ዘይኑዲን ኳስ ገዛ፣ ተሰበሰባችሁ፤ በቃ። ሊግ እንግባ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ማልያችሁ አንድ ዓይነት አይደለም ተብላችሁ ተመለሳችሁ። እስከ ዛሬም ሊግ ውስጥ የለንም። ታዲያ ምን ቀረብን? ክሬንሾው ሜዳ ላይ ሜክሲኮዎቹም ሳልቫዶሮቹም አውቀውናል።

ለእኔ የክለቡ ታሪክ የሚጀምረው ኦሎምፒኩ እዚሁ ከተማችን በመጣበት በጋ ሳልቫዶሮቹን ያሸነፋችሁ ቀን ነው። ሁለት ድስት ይዤ መጣሁ። በአንዱ የእስላም ሥጋ፣ በሌላው የክርስቲያን፤ እንደምታውቁት አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ግብ ጠባቂያችን ዓለምሰገድ ሊያግዘኝ ብሎ፣ አላህ ይይለት፣ ባንድ ጭልፋ ሁለቱንም ድስት አማሰለው!

"ዓለምሰገድ፣ ምን አደረግህ?"

"እንዳያርብሽ ብዬ ነው እትዬ!"

ያ ሁሉ ያሸነፈ ጎረምሳ ሳህኑን መሬት አስቀመጠ። ወዲህ የእናንተ ጥፋት፣ ወዲያ የእናንተ ጥፋት ተባባላችሁ፤ ግብ ያገባው ሰው እንኳ ተረሳ። እኔ ምን አደረግሁ? መንገዱን ተሻግሬ ሰርዲን በቆርቆሮ ገዛሁ። ዓሣ ማንም ባርኮ አያርደውም። ቃሪያ ከትፌ በዳቦ ሰጠኋችሁ፤ ከአንድ ትሪ በላችሁ። ከዚያ ወዲህ የድል ምግባችን ሰርዲን ነው። ሜክሲኮዎቹ "ሳርዲናስ መጡ" ብለው ይስቁብናል። ይሳቁ! እነሱንም አሸንፈን በልተናል።

አሁን ግን ክለቡ ለሁለት ይከፈል የሚል ሐሳብ መጥቷል። ብርሃኑን ብጠይቀው ምን አለኝ?

"እትዬ፣ ጠብ እኮ አይደለም። ኢዚ እንዲሆን ነው። ክርስቲያኑ ለብቻው፣ እስላሙ ለብቻው፤ ሶ ሁሉም የራሱን ሥጋ ይበላል።"

"ኳሱንስ ማን ሊያርደው ነው?" አልኩት።

አንተም ዘይኑዲን አትሳቅ! ተስማምተሃል አሉ። ዓለምሰገድ ግብ ሲጠብቅ ከፊቱ ቆመህ ኳሱን የምትመልስለት አንተ ነህ። እግርህ የተሰበረ ጊዜ ዌስትቼስተር ሰፈርህ ድረስ ተሸክሞ ቤትህ ያስገባህ ማን ነበር? ሃይማኖቱን ጠይቀኸው ነበር?

እኔ የወሎ ሴት ነኝ። ሃይማኖቴን ከማንም አልማርም፤ ማንንም አላስተምርም። ሥጋችሁን ለየብቻ ብሉ፣ ልክ ነው፤ ሁለት ድስት ሳበስል የኖርኩት እኔው ነኝ። ድስት ይለያል። ሰው ግን እንደ ድስት አይደለም። አገር ቤት ሰው በሰው ላይ ሲነሳ አይቼ ነው የመጣሁት፤ እዚህ ደግሞ ለሥጋ ተብሎ እንዲጀመር አልፈቅድም።

ድምፅ የሚሰጠው በሚመጣው እሁድ ነው አሉ። እኔ ልጄ ዘንድ ሎንግ ቢች ጠቅልዬ የምገባው ቅዳሜ ነው። አወይ ብልጠት! እኔ ከሄድኩ በኋላ መሆኑ ነው? አይሆንም። ስታሸንፉ እልል ያልኩላችሁ፣ ስትሸነፉ የሰደብኳችሁ ሴት ፊት አድርጉት።

ክለቡ ይከፈል የሚል፣ አሁን እዚሁ እጁን ያውጣ።

አንድ እጅ አያለሁ። ብርሃኑ። ጎሽ፣ አለመደበቅህን ወደድኩት። ሌላ? ዘይኑዲን፣ እጅህ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እዚያው ይቆይ። ሌላ የለም?

በል ብርሃኑ፣ አውርደው። ብቻህን ክለብ አትሆንም፤ ግራ ክንፍ የሚጫወት ደግሞ ካንተ ሌላ የለንም።

እንግዲህ ልመርቃችሁ። ጉልበት አይንሳችሁ። ሥራ አትጡ። ልጆች ውለዱ፤ ልጆቻችሁም ባንድ ሜዳ ይራገጡ። በእኔ ቦታ የምትተካውን ሴት አታስለቅሱ፤ ምስጋናውንም ለመሸኛዋ ቀን አታቆዩባት። አሜን የምትሉም፣ አሚን የምትሉም፣ ተነሡና አንድ ላይ በሉልኝ።