ከሻርጃ የሚወረወር ኳስ

ኮምቦልቻ፣ ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል፤ ከዘጠኝ ዓመት የሻርጃ ሥራ በኋላ አገሯ የገባችው ሉባባ ጆይስቲክ፣ ታናሽ ወንድሟ ይመር ደግሞ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ይዘው ሳሎን ውስጥ የክሪኬት ጌም ፊት ተቀምጠዋል፤ በኢንተርኔት ኳስ የሚወረውርባት ሻርጃ ሳለች ያሳደገችው ልጅ ዛያን ነው።

ይመር፦ ወይ ምቺያት፣ ወይ ውጪና ገላግይኝ! ከስምንት ሰዓት ጀምሮ እኮ ነው ዱላ ተደግፈሽ የቆምሽው።

ሉባባ፦ አትጩህብኝ፤ ሊወረውር ነው። … ይኸው፣ መከትኳት።

ይመር፦ መከትኳት ትላለች! ኳሷ እግርሽ ሥር ዱብ ብላ ቀረች። ይሄ ነው ጀብዱው?

ሉባባ፦ ይሄ ነው።

ይመር፦ ስንት አገባሽ?

ሉባባ፦ አሥራ ዘጠኝ።

ይመር፦ ልጁስ?

ሉባባ፦ መቶ አርባ።

ይመር፦ በዚህ አያያዝሽ የምትደርሺበት የዛሬ ዓመት ነው።

ሉባባ፦ እደርስበታለሁ ያለህ ማነው?

ይመር፦ ታዲያ ምን ፈልገሽ ነው የምትጫወቺው?

ሉባባ፦ ላለመውጣት። በእኔ በኩል አሥር ሰው ከወጣ ጨዋታው ያበቃል፤ ዘጠኙ ወጥተውብኛል። ከኋላዬ የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች አንዴ ከመታብኝ አለቀ። እስካልመታብኝ ድረስ ግን ቆሜ መዋል እችላለሁ።

ይመር፦ ኳሷን መምታት ግዴታ አይደለም?

ሉባባ፦ ማንም አያስገድደኝም።

ይመር፦ ወላሂ ይሄን ጨዋታ የፈጠረው ቤቱ መግባት የጠላ ሰው ነው።

ሉባባ፦ አምስት ቀን የሚፈጅም አለ።

ይመር፦ በአምስት ቀን እኮ ሰው ይዳራል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል! ተመልካቹን እዪልኝ እስቲ። ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው። ያ ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ ደግሞ ጋዜጣ ያነባል። የሠሩት ሰዎች ራሳቸው እንደሚሰለች ስላወቁ ነው እንዲህ የሳሉት።

ሉባባ፦ እውነተኛውን አስመስለው ነው የሠሩት። ኳሷ እንኳ ታረጃለች፤ ቅድም እንዴት ያለች ቀይ ነበረች! አሁን ቀለሟ ለቀቀ።

ይመር፦ የእኔም ቀለም እየለቀቀ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ክለቤ ይጫወታል። ከሰኞ ጀምሮ ስነግርሽ ነበር።

ሉባባ፦ ጓደኞችህ አዳራሽ ገብተው የሚያዩ አይደል? ሂድና እይ።

ይመር፦ እሄድ ነበር። «ይመርዬ፣ አንተ ከሄድክ ማን ያነብልኛል?» ብሎ የለመነኝ ማነው?

ሉባባ፦ እኔ ነኝ።

ይመር፦ ስለዚህ ቴሌቪዥኑንም ያዝሽ፣ እኔንም ያዝሽ።

ሉባባ፦ ቀስ በቀስ እንቁላል…

ይመር፦ እንቁላሏ በእግሯ ሄዳ፣ ዶሮ ሆና፣ ታርዳ ተበልታለች! አንቺ ገና አሥራ ዘጠኝ ላይ ነሽ።

ሉባባ፦ ዝም በል፤ ጽሑፍ መጣ። አንብብልኝ።

ይመር፦ ፊደሉ የእንግሊዝኛ ነው እንጂ ቋንቋውን አላውቀውም። «ባጂ… ማሮ ና።»

ሉባባ፦ ባጂ እኔ ነኝ። በእነሱ ቤት ቋንቋ እትዬ እንደማለት ነው።

ይመር፦ ማሮ ናስ?

ሉባባ፦ «በርቺ» ማለት ነው።

ይመር፦ በርቺ? ከኋላው ሦስት ቃለ አጋኖ አለው።

ሉባባ፦ ከልቡ ነዋ የሚያበረታታኝ።

ይመር፦ ጉድ ነው። አንቺ ቋንቋውን ትሰሚያለሽ፣ አታነቢም፤ እኔ አነባለሁ፣ አልሰማም። ሁለታችን ተጋግዘን አንድ የተማረ ሰው እንወጣለን።

ሉባባ፦ ድሮ በጆሮ ማዳመጫው ያወራኝ ነበር። ከረመዳን ወዲህ ነው መጻፍ የጀመረው። ድምፁ ጎርንኖ አፍሮ ይሆናል፤ አሥራ ሦስት ዓመቱ እኮ ነው።

ይመር፦ ወይም ሌላ ነገር እየሠራ ነው የሚጽፍልሽ። … እንዴ! ምንድን ነው የሚሆኑት? ሰዎቹ ሜዳውን ጥለው ወጡ!

ሉባባ፦ የሻይ ዕረፍት ነው።

ይመር፦ የምን?

ሉባባ፦ የሻይ። ሻይ ጠጥተው ይመለሳሉ።

ይመር፦ ቴሌቪዥን ውስጥ ያሉ ሰዎች ሻይ እስኪጠጡ እኔ ልጠብቅ? እዚህ ጥግ ላይ «ዝለል» የሚል አለ እኮ፤ ተጫኚው!

ሉባባ፦ አልጫንም።

ይመር፦ ልጁ ተጭኗል። «ዛያን መዝለል ይፈልጋል፣ ተጋጣሚውን እየጠበቀ ነው» ይላል።

ሉባባ፦ ይጠብቅ። ሰው ሻይ ይጠጣል።

ይመር፦ ሉባባ፣ ሻዩን የሚጠጣው ማነው? ማነው እዚህ ሻይ የያዘው?

ሉባባ፦ ነገረኛ ነህ።

ይመር፦ ሌላ ጽሑፍ። ይቺስ እንግሊዝኛ ናት፤ «ሂት ኢት፣ ባጂ»። ምቺያት ነው የሚልሽ! እኔ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ የምጮኸውን ነው ልጁም የሚጮኸው! ማሮ ናም ያው ምቺያት ነበረች አይደል? በርቺ አልሺኝ እንጂ።

ሉባባ፦ መምታትም መበርታት ነው።

ይመር፦ ዋሸሽኝ።

ሉባባ፦ ጥቂት።

ይመር፦ ልጁ ተሰላችቷል፣ እኔ ተቃጥያለሁ፣ ያ ሽማግሌ እንኳ ጋዜጣውን ጨርሷል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ።

ሉባባ፦ ስደበኝ፤ ጊዜ አለን። ይኸው ተመለሱ። … ኡፍ! ለጥቂት ነው ያለፈችኝ።

ይመር፦ ውጪ፣ ውጪ፣ በይ ውጪ!

ሉባባ፦ አልወጣሁም። ዳኛው ራሱን ነቀነቀ።

ይመር፦ ያ ረቢ! ይሄ ዳኛ ዘመድሽ ነው?

ሉባባ፦ ምንህ ነው የተነካው? ሁልጊዜ ዛያን ሲመጣ ፊትህ ይጠቁራል። ኳሱ ብቻ አይመስለኝም።

ይመር፦ ኳሱ ብቻ ነው።

ሉባባ፦ ይመር።

ይመር፦ ስትሄጂ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። አንድ ቀን ኳስ ወርውረሽልኝ ታውቂያለሽ? እዚያ ሆነሽ ግን ለሰው ልጅ ዘጠኝ ዓመት ዱላ ይዘሽ ቆምሽ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ፤ እኔ አይደለሁም ያልኩት።

ሉባባ፦ ያስተማረህ እሱ ዱላ ነው። የምታነብልኝን እንግሊዝኛ ከየት አመጣኸው?

ይመር፦ ሊወረውርብሽ ነው፤ ወደ ፊትሽ እዪ።

ሉባባ፦ … መከትኳት። ስማ፣ ሁለት ዓመቱ ነበር እጄ ሲገባ። እናቱ ሐኪም ናት፣ አባቱ ወደብ ላይ ነው የሚሠራው፤ ልጁን የሚያዩት ተኝቶ ነው። እኔ ሕንፃው ጣሪያ ላይ ልብስ አሰጣለሁ፤ እሱ በትንሽ እጁ ኳስ ይወረውርብኛል፤ እኔ በመጥረጊያው እንጨት እመክታለሁ። መምታቴ አይገደውም፤ መወርወሩን ነበር የሚወደው። ከወጣሁ ይከፋዋል። «ባጂ፣ አትውጪ» ነበር የሚለኝ። እኔም አልወጣም። ልብሱ ደርቆ፣ ፀሐይ ጠልቃ፣ እኔ አልወጣም።

ይመር፦ ያኔ ነዋ።

ሉባባ፦ ስመለስ አዲስ ጌም ገዝተውለት ነበር። ይቺን አሮጌዋን ራሱ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተልኝ፤ በየጁምዓው እንጫወታለን ብሎ። በየጁምዓው ነበር። ከዚያ በየአሥራ አምስት ቀኑ ሆነ። አሁን ስድስት ሳምንት ቆይቶ ዛሬ መጣ። ገባህ? ብወጣ ጨዋታው ያልቃል። ጨዋታው ካለቀ ይሄዳል።

ይመር፦ እና ለዚህ ነው የማትመቺው?

ሉባባ፦ ብመታት ወደ ላይ ትነሳለች፤ ከተነሳች አንዱ ይቀልባታል፤ ያኔ ወጣሁ። ለምን ብዬ ልምታት?

ይመር፦ እታለም…

ሉባባ፦ ጽሑፍ።

ይመር፦ አየሁት።

ሉባባ፦ ምን ይላል?

ይመር፦ «ሶሪ» የምትል አለችበት።

ሉባባ፦ ሶሪን አውቃታለሁ። የቀረውን ንገረኝ።

ይመር፦ ጓደኞቼ እየጠበቁኝ ነው ይላል።

ሉባባ፦ ሌላ?

ይመር፦ ሌላ የለም።

ሉባባ፦ ስንት ሰዓት ሆነ?

ይመር፦ ለአሥራ አንድ አምስት ጉዳይ። እታለም፣ ስሚኝማ። አንቺው ውጪለት። እንደ ዋዛ አንዷን ሳቺና፣ እሱም ደስ ብሎት፣ አሸንፎሽ ይሂድ።

ሉባባ፦ ሳልወጣ አይሄድም።

ይመር፦ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ውጭ ጓደኞቹ ቆመዋል።

ሉባባ፦ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ጨዋታ ጥሎ የሚሄድ ልጅ አላሳደግኩም። አንድ ቀን ትኩሳት ይዞት እንኳ «ባጂ አልወጣችም» ብሎ አልተኛም ብሏል። አይሄድም።

ይመር፦ እሺ። አይሄድም። ተጫወቺ።

ሉባባ፦ … ይቺን ደግሞ እንዴት አድርጎ አጠማዘዛት! አየሃት? ተበሳጭቷል። ሲበሳጭ ነው የሚያምርበት። … መከትኳት!

ይመር፦ እዪማ፣ ልጁ አልወረወረም። ለምን ቆመ?

ሉባባ፦ እያሰበ ነው። ወዴት እንደሚወረውር ሲያስብ እንዲህ ነው። … ይሄ ምንድን ነው? ትልቅ ጽሑፍ መጣ፤ መሀል ላይ።

ይመር፦ እ…

ሉባባ፦ እሱ ነው የጻፈው?

ይመር፦ አይደለም። የጌሙ ነው።

ሉባባ፦ ምን ይላል?

ይመር፦ ይቀጥላል ይላል።

ሉባባ፦ ይሄ ሁሉ ጽሑፍ «ይቀጥላል» ብቻ ነው?

ይመር፦ ፈረንጅ ወሬ ያበዛል። ተጫኚና ይቀጥል።

ሉባባ፦ ማን ነው የሚቀጥለው?

ይመር፦ ኮምፒውተ… ጨዋታው።

ሉባባ፦ … ተጫንኩ። መጣ። መከትኳት።

ይመር፦ ጎበዝ!

ሉባባ፦ ጎበዝ? ከመቼ ወዲህ?

ይመር፦ እየገባኝ መጣ። አያያዝሽ ጥሩ ነው፤ ክርንሽ… የተጫዋችሽ ክርን ቀጥ ብሏል።

ሉባባ፦ … መከትኳት። እዚያው ቦታ ወረወራት። … ይቺንም እዚያው። ዛያን ሁለት ኳስ አንድ ቦታ ወርውሮ አያውቅም፤ ይሰለቸዋል።

ይመር፦ አድጓላ። ሰው ሲያድግ ይረጋጋል።

ሉባባ፦ በአምስት ደቂቃ?

ይመር፦ እኔ ምን አውቃለሁ የክሪኬት ነገር። ሃያ ልትሞዪ እኮ አንዲት ቀርታሻለች! በሃያ ጨዋታው ሌላ መልክ አለው።

ሉባባ፦ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል፣ ይመር።

ይመር፦ እና?

ሉባባ፦ ክለብህ።

ይመር፦ መጀመሪያ ላይ ምን ይታያል? መተሻሸት ነው። ዕረፍት ሲወጡ ውጤቱን በስልክ አያለሁ። አንቺ ብቻ ወደዚያ እዪ።

ሉባባ፦ መጻፍ ትችላለህ ለእሱ?

ይመር፦ ምን ብዬ?

ሉባባ፦ «ዛሬ አወራወርህ ያምራል» በለው። «ጓደኞችህን ሰላም በል» በለው። በእንግሊዝኛ ይሁን፤ ጥሩ አድርገህ፣ እንደተማርከው።

ይመር፦ እሺ። … «ያምራል»… «ሰላም በል»… ጻፍኩለት።

ሉባባ፦ ደረሰው?

ይመር፦ ይደርሰዋል። ሲያየው ይደርሰዋል። በይ አሁን፤ ወርዋሪው ተነሳ፣ እየሮጠ ነው። ዱላሽን ዝቅ፣ እግርሽን ወደፊት… ጆይስቲኩን ለምን አስቀመጥሽው? እታለም፣ አንሺው እንጂ! ኳሷ መጣች… መክቺ፣ መክቺያት!