የጌጤ ሳጥንና የሻሺቱ አጥር

በገረሴ ገበያ ሰው የሚሸሸውን ሰው ሳያገኝ አይመለስም። አቶ አበጋዝ በዚያ የገበያ ቀን ሁለት የነቀዝ ክኒን በጋዜጣ ቁራጭ አስጠቅልለው ቀና ሲሉ፣ ፊት ለፊታቸው የቆመችው ዓመት ሙሉ ሰላምታ የነፈጓት ጽጌሬዳ ነበረች።

ጽጌሬዳ የጎረቤታቸው የሻሺቱ ልጅ ናት፤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምራለች። ሰላምታው የተቋረጠው የአቶ አበጋዝ ሚስት ጌጤ አምና በድንገት ከሞተች ወዲህ ነው። ጌጤ በሞተችበት ዕለት ሻሺቱ ቤት ቆጮ በልታ ነበር። ሻሺቱ ደግሞ በዚያው ሰሞን ማንም የማያውቀው ወይን ጠጅ አበባ በአጥሯ ሥር ተክላ ነበር። ሰፈሩ ሁለቱን ደመረና «መርዝ» አለ። ሰፈር ሲደምር ተሳስቶም አያፍርም።

አቶ አበጋዝ የተከበሩ የአገር ሽማግሌ ስለሆኑ ክስ አላቀረቡም፤ ፊታቸውን ብቻ አዞሩ። የሽማግሌ ፊት ሲዞር ግን ከፍርድ ቤት ውሳኔ ይከፋል። ከዚያ ወዲህ የሻሺቱ እጅ የነካውን ምግብ የሚቀምስ ሰው አልተገኘም።

«እንደምን ዋሉ፣ ጋሽ አበጋዝ?» አለች ጽጌሬዳ።

አቶ አበጋዝ ፊታቸውን ወደ ሻጩ መለሱ።

«የያዙት ክኒን ለእህል ነው?»

«የሻሺቱ ልጅ የኔን ጓዳ መቆጣጠር የጀመረችው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ገብሱን ባለፈው ወር ሸጠው እንደጨረሱ ስለማውቅ ነው።»

«እንግዲያው ለሳጥኑ ነው። ቡሉኮዬን ብል ጀመረው። ነገ ምራቴ ኢየሩስ አራስ ልጇን ይዛ ከአርባ ምንጭ ትመጣለች። ብል የበላው ቡሉኮ ላልብሳት?»

«ሳጥኑ የት ነው ያለው?»

«እሷ በምትተኛበት ጓዳ። ሌላስ የት ይሆናል?»

ልጅቱ የጋዜጣውን ጥቅልል አየች። ጀርባዋን ሰጥታ የምትሄድ መሰላቸው፤ ብትሄድም አይፈርዱባትም ነበር። እሷ ግን አንድ እርምጃ ቀረበች።

«ጋሼ፣ ይህን ነገር ሰው ከሚተኛበት ቤት አያስገቡት። ሕፃኗን ይገድልብዎታል።»

«ታዲያ ምን ላድርግበት፣ የእናትሽን አበባ ልነስንስበት?»

«አዎ።»

የቀልዳቸውን መልስ አልጠበቁትም ነበር። «መምህርት፣ ዛሬ ተማሪ ያጣሽ መሰለኝ» አሉ።

«አበባው ላቬንደር ይባላል። ሽታውን ብል አይወደውም። ቡሉኮው ታጥቦ ፀሐይ ላይ ከዋለ በኋላ፣ የደረቀው አበባ በትንሽ ከረጢት ተሰፍቶ በእጥፋቱ መሐል ይቀመጣል።»

«ስሙም የሰው አገር ስም ነው።»

«ድንችስ ከሰው አገር አይደል የመጣው? ይበሉታል።»

«አባቶቻችን ያለ አበባ ኖረዋል፣ ልጄ።»

«ያለ ክኒንም ኖረዋል።»

አቶ አበጋዝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በኛ ቤት ወግ» አሉ ቃላቸውን እየረገጡ፣ «የመገነዣ ቡሉኮ ፀሐይ አያይም። ፀሐይ ያየ እንደሆነ ባለቤቱን ይጠራል። ጌጤም እኔም ያስቀመጥነው ለቀብራችን ነው፤ ለኢየሩስ ላለብሳት ያሰብሁት ሌላ ስለሌለኝ ነው።»

«ብልም የሚወደው ይህንኑ ወግ ነው፣ ጋሼ። ጨለማና የማይነካ ልብስ ሌላ ምን ያደርግለታል?»

ሽማግሌው ክኒኑን በመዳፋቸው ጨበጡት። ያ ክኒን የተሠራው ሰው ለማያድርበት የእህል መጋዘን፣ ያውም በሠለጠነ ሰው እጅ እንዲገባ ነው። እዚህ ግን ከሳሙናና ከሻማ ጎን መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ ማስጠንቀቂያ ከተጻፈበት ዕቃው ወጥቶ፣ በፍሬ ይቸረቸራል። ሻጩ ማንበብ አይችልም ይባል፤ ማንበብ የሚችሉትስ? በዚያ ምንጣፍ አጠገብ በየገበያው ቀን የሚያልፈው ዲግሪ የያዘ ሰው ስንት ነው? አይቶ ማለፍም ከመሸጥ የማይተናነስ ጥፋት ነው፤ ይህን ለማለት ማፈር አያስፈልግም።

ከተራራው በኩል ካፊያ መጣ።

«ወረቀቱን ከዝናቡ ያርቁት» አለች ጽጌሬዳ ፈጥና። «የሚሠራው እርጥበት ሲያገኝ ነው፤ የጓዳ አየር እርጥበት እንኳ ይበቃዋል። ጭስ የለው፣ ቀለም የለው፤ ቀስ ብሎ ቤቱን ይሞላዋል። አንዳንዴ የበሰበሰ ዓሣ ይሸታል፤ አንዳንዴ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት።»

«ምን ይሸታል አልሽ?»

«ነጭ ሽንኩርት።»

አቶ አበጋዝ አጠገባቸው በነበረው የድንች ጆንያ ላይ ተቀመጡ።

አምና ጌጤ በሞተችበት ዕለት የመሬት ጠብ ያጋጫቸውን ሁለት ወንድማማቾች ሊያስታርቁ ካምባ ሄደው ነበር። ጠዋት ከመውጣታቸው በፊት ሁለት ክኒን ሳጥኑ ውስጥ ጣሉ። ሲመሽ ጌጤ ደወለችላቸው። «ቤቱ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይለኛል፤ አንድ ራስ እንኳ የለኝም» አለች። «አምሮሽ ነው» ብለው ቀለዱባትና ስልኩን ዘጉ። በማግስቱ ሲመለሱ እሷ አልጋዋ ላይ፣ አራቱ ዶሮዎቿ ከአልጋው ሥር ሞተው አገኟቸው። ከቀብሩ በኋላ ሳጥኑን ሲከፍቱ ክኒኖቹ በነበሩበት ግራጫ አመድ አዩ። የብል ኩስ መስሏቸው አራገፉት።

ስለ ስልኩ ለማንም ተናግረው አያውቁም።

«አምናም ሳጥኑ ውስጥ ክኒን ጥዬ ነበር። ከጌጤ ጋር የሞቱት ዶሮዎች የእናትሽን ቆጮ አልቀመሱም» አሉ። ይህን ያለችው ጽጌሬዳ አይደለችም፤ ራሳቸው ናቸው።

«እኔና እናቴም ከጌጤ ጋር ከአንድ ሳህን ነበር የበላነው» አለች። «ይህን ልነግርዎት ሦስት ጊዜ በርዎ ድረስ መጥቻለሁ። አልከፈቱልኝም። ክኒን እንደነበረ ግን ያወቅሁት ዛሬ ነው።»

«እኔ ነኝ የገደልኳት።»

«አላወቁም ነበር፣ ጋሼ።»

«ስለ ክኒኑ አላውቅም ነበር። ስለ ሻሺቱም አላውቅም ነበር፤ እሷ ላይ ግን ፈረድሁ።»

ጽጌሬዳ ልታጽናናቸው አልሞከረችም። ክኒኑን ከእጃቸው ተቀብላ ክዳን ባለው ደረቅ ጣሳ ከተተችና ሁለቱም ሄደው ለወረዳው የግብርና ባለሙያ አስረከቡት። ከዚያ በኋላ ሳጥኑን ወደ ደጅ አወጡ፤ ጓዳውን ጠራርገው በሩንና መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱ።

በማግስቱ ሰማዩ ጠራ። አቶ አበጋዝ ማታ ያጠቡትን ቡሉኮ በአጥራቸው ላይ፣ መንገደኛ ሁሉ እያየ አሰጡት። ከዚያ እርጥብ ሣር ነጭተው ወደ ሻሺቱ ደጅ ተሻገሩ። በጋሞ የበደለ ሰው ሣር ይዞ ሲንበረከክ፣ የተበደለው ረግጦ አያልፍም። አቶ አበጋዝ ስለ ሌሎች ጠብ ስንት ጊዜ ተንበርክከዋል፤ ስለ ራሳቸው በደል ሲንበረከኩ ግን የመጀመሪያቸው ነው።

ሻሺቱ ጤዛው እስኪተን ጠብቃ ላቬንደሯን በማጭድ እየቆረጠች ነበር። አየቻቸው። የያዘችውን እስር በክር አጥብቃ እስክትቋጥር ቀና አላለችም።

«ይነሡ» አለች በመጨረሻ። «ልጄ ሁሉንም ነግራኛለች። ሣሩን ተቀብያለሁ። የወሰዱብኝን ዓመት ግን ማን ይመልስልኛል?»

«ማንም» አሉ። «እኔ የምችለው በየቤቱ ዞሬ በአፌ መናገር ነው። በገበያም፣ በቸርችም፣ ክኒኑ በሚሸጥበት ምንጣፍ ፊትም እናገራለሁ።»

«ጌጤ ጓደኛዬ ነበረች። ለቀብሯ እንኳ አላስቀረባችሁኝም።»

 ይህን ብላ ማጭዱን አቀበለቻቸው።

«ከአበባው ግማሹ ሲፈነዳ ነው የሚቆረጠው። ሁሉም እስኪከፈት ከጠበቁ ሽታው ይሄዳል። እስሩን አያወፍሩት፤ መሐሉ ይሻግታል። ቁልቁል ጥላ ውስጥ ይሰቅሉታል፤ ፀሐይ አያስነኩት፤ ፀሐይ ለቡሉኮው ነው። በሦስት ሳምንት ይደርቃል። ያኔ በእጅዎ አርግፈው ከረጢት ውስጥ ይስፉት። ሽታው ሲደክም ጨመቅ ያድርጉት፤ በዓመቱ ይለውጡት።»

«ለዛሬስ?»

«ለዛሬ ካምናው ደረቅ እሰጥዎታለሁ። ከልብሱ ጋር ሳጥን ውስጥ ይሁን፤ ሕፃኗ ፊት አያድርጉት።»

ላቬንደር ተአምር አይሠራም። ነቀዝ አይገድልም፤ ያልታጠበ ልብስም አያድንም። ጥቅሙ ግን ይህ ነው፤ ከደጅ ይቆረጣል፤ ልብስን ይጠብቃል፤ ቤትን ያውዳል፤ በሳጥን አጠገብ የተኛ ሰው ጠዋት ይነሣል። የመጨረሻው ብቻ ቢሆን እንኳ፣ ወግንም ኩራትንም ጥሎ ጎረቤትን ለመለመን በበቃ ነበር። ጌጤ ይህን ያህል ዋጋ ከፍላ ካስተማረች በኋላ ዛሬም ክኒን ጓዳው የሚያስገባ ሰው «አላወቅሁም» ሊል አይችልም።

ከሰዓት በኋላ ኢየሩስ ሕፃኗን አቅፋ ወደ ጓዳው ገባች። ተጠርጎ ወደ ቦታው ከተመለሰው ሳጥን የወጣውን ቡሉኮ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችና አየሩን አሸተተች።

«አባባ፣ ይሄ ቤት ምንድን ነው የሚሸተው?»

አቶ አበጋዝ ክው አሉ። 

«የሻሺቱ አበባ ነው፣ ልጄ» አሉ።

መልሱን ያውቁታል፤ ከረጢቱን በገዛ እጃቸው ነው ያስገቡት። እንዲያም ሆኖ ሄደው መስኮቱን ከፈቱ።